ነጭ በትር ለማይደርስበት ከፍታ፦ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ መሰናክል ጠቋሚ

መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ ለነጭ በትር ተጠቃሚ ክፉ መሰናክል ነው። የበትሩ ጫፍ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ባዶውን አስፋልት እየዳሰሰ ያልፋል። ጎማው ገና ወደ ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ብረት ግን ደረትና ፊት ከሚያርፍበት ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ዝቅ ያለ የሱቅ በረንዳ ቆርቆሮ፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የመስኮት መዝጊያ፣ ከግንባታ ወደ እግረኛ መንገድ የወጣ አጣና፣ የጎረቤት አጥር ያለፈ ቅርንጫፍም እንደዚሁ ናቸው። በትር መሬቱን ይፈትሻል፤ ከወገብ በላይ ያለውን ግን የሚያገኘው ግንባር ነው።

ከዚህ በታች የምገልጸው መሣሪያ ያንን ክፍተት ለመሸፈን የታሰበ ነው። ከቦርሳ ማንገቻ ጋር ይታሰራል፤ ከፊት ለፊት አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ አንድ ነገር ሲገጥመው ትከሻ ላይ ቫይብሬት ያደርጋል። ኤሌክትሮኒክስ የጀመረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም ሞባይል ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል። እርስዎ ራስዎ ማየት የተሳንዎት ከሆኑና ሌላ ሰው የሚሠራልዎ ከሆነ ደግሞ ስለ ሙከራውና ስለ ርክክቡ የሚያወሩትን ክፍሎች ከሠሪው ይልቅ እርስዎ ቢያውቋቸው ይጠቅማል።

በትሩ ይቅደም

የሚሠሩለት ሰው ነጭ በትር አለው? አጠቃቀሙንስ በወጉ ተምሯል? መልሱ የለም ከሆነ ለመሣሪያው ያሰቡትን ገንዘብና ጊዜ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉት። ረጅሙን በትር ግራና ቀኝ እያወዛወዙ አንድ እርምጃ ቀድሞ መሬቱን የመፈተሽ ዘዴ የተቀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ገደማ ሪቻርድ ሁቨር በአሜሪካ ቫሊ ፎርጅ ወታደራዊ ሆስፒታል ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ሲያሠለጥን ቀመረው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ መጥቶ ሄዷል፤ በትሩ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ባትሪ አይፈልግም፤ ዝናብ አይበግረውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ባዶውን ያገኘዋል። እዚህ የምንሠራው ሳጥን ያንን አያደርግም፤ እንዲያደርግ መሞከርም የለበትም።

የበትሩን ርዝመት በተመለከተ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ከመሬት እስከ ደረት አጥንት መድረሱ የተለመደ መነሻ ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ትንሽ ረዘም ያለ ይመርጣል። ይህንንና የመንገድ ሥልጠናውን በሚመለከት መጠየቅ ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ሰው ሳይሆን በትሩን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ማነጋገርም አንድ መንገድ ነው።

ከበትሩ ላይ ወይስ ከደረት?

በገበያ የታወቁት ዘመናዊ በትሮች ኤሌክትሮኒክሱን እጀታው ላይ ያስቀምጣሉ። በዴልሂው የሕንድ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ስማርትኬን ከጉልበት እስከ ራስ ያለውን መሰናክል በድምፅ ሞገድ እየፈተሸ በንዝረት ይናገራል፤ ያኔ ዋጋው 3,000 ሩፒ ገደማ ነበር። የቱርኩ ዊዎክ ከስልክ ጋር የሚነጋገር ነው፤ የሚሸጠውም በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሳጥን ግን እኔ እጀታውን አልመርጥም። በትር የሚናገረው በእጅ መዳፍ ነው፦ ኮብልስቶኑ ሲያልቅና አስፋልቱ ሲጀምር፣ ጫፉ ጭቃ ሲነካ፣ የደረጃ ጠርዝ ሲገኝ የሚሰማው እዚያ ነው። እዚያው ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ብንጨምር ሁለቱ ወሬዎች ይደባለቃሉ። በተጨማሪም በትር ይወድቃል፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ይታጠፋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ትንሽ ክብደት እንኳ የእጅ አንጓ ያደክማል። ደረት ላይ የታሰረ ሳጥን ከእነዚህ ሁሉ ነፃ ነው። በትሩ የድሮ ሥራውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ አዲሱ መልእክት ደግሞ በሌላ አካል፣ በትከሻ በኩል ይደርሳል።

ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ለመሥራት ካሰቡም ሐሳብዎን ይቀይሩ። መንገድ ላይ የዓይነ ስውር ሰው ጆሮ ሥራ የበዛበት ነው፤ የባጃጁን ሞተር፣ የረዳቱን ጥሪ፣ የእግረኛውን ኮቴ እየለየ ነው። ጲጵ ጲጵ የሚል ነገር ከዚህ ላይ መጨመር መርዳት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ አርዱዊኖ ናኖ የተባለችው ትንሽ ቦርድ፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው ሁለት ክብ ዓይን ያለው አልትራሶኒክ ሴንሰር፣ እና ከስልክ ውስጥ የሚወጣ የቫይብሬሽን ሞተር። ሞተሩን አዲስ መግዛት የለብዎትም። ማንኛውም የሞባይል ጥገና ቤት የተበላሹ ስልኮች የሞሉበት ካርቶን አለው፤ ጠጋኙን ቢጠይቁት በጥቂት ብር ይሰጥዎታል። እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጡ። ዘንግ ላይ የሚሽከረከር ክብደት ያለው ሌላው ዓይነት ጠንካራ ንዝረት ቢሰጥም ክብደቱ ክፍት ስለሆነ ክርና ጨርቅ ይዞ ይቆማል፤ እሱን ከተጠቀሙ በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አስገብተው ይዝጉት።

ከእነዚህ ሌላ አንድ 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ የ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሁለት ቦታ ያለው ትንሽ ማብሪያ፣ ፓወር ባንክ ከነገመዱ፣ ቀጫጭን ሽቦዎችና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ያዘጋጁ። የመበየጃ ካውያና መልቲሜትር ከጓደኛ መዋስ ይቻላል። ዋጋው ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ከፓወር ባንኩ በቀር የሁሉም ድምር ከአንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው፤ ፓወር ባንኩ ደግሞ በብዙ ቤት አስቀድሞ አለ።

ሴንሰሩ ርቀትን የሚለካው እንዴት ነው?

አንደኛው ዓይን በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ አጭር ድምፅ ይልካል፤ ሌላው የተመለሰውን ማሚቶ ይሰማል። ሰው የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ገደማ ስለሆነ ለእኛ ዝም ያለ ነው። ውሻ ግን ሊሰማው ይችላል፤ የሰፈሩ ውሻ ጆሮውን አቁሞ ቢከተልዎት አይገረሙ።

አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ማሚቶው የቆየበትን ጊዜ ለ58 ሲያካፍሉ ርቀቱን በሴንቲ ሜትር ያገኛሉ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ስሌቱ ይዛባል ብለው አይስጉ። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ አይደለም። ሙቀቱ ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ቢወጣ እንኳ በአንድ ሜትር ተኩል ላይ የሚመጣው ልዩነት ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ለእኛ ጉዳይ ምንም አይደለም።

ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። አምራቾቹ የሚሰጡት የመለኪያ ማዕዘን 15 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይሸፍናል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ሳጥኑን ሲያስሩ ያስፈልጋል።

ማገናኘት

የሴንሰሩ አራት እግሮች ላይ ስማቸው ተጽፏል። ቪሲሲ የሚለውን ከናኖው 5 ቮልት፣ ግራውንዱን ከግራውንድ፣ ትሪግ የሚለውን ከዲ9፣ ኢኮ የሚለውን ከዲ10 ጋር ያገናኙ። ካፓሲተሩን በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል፣ ወደ ሴንሰሩ አስጠግተው ይበይዱት፤ ሞተሩ ሲነሳ የሚፈጥረው መወዛወዝ ልኬቱን እንዳያበላሽ ያግዛል። የካፓሲተሩ ነጭ መስመር ያለበት እግር ወደ ግራውንድ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

ሞተሩን በቀጥታ ከናኖው እግር ጋር አያገናኙ። የናኖው አንድ እግር በምቾት የሚሸከመው 20 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሆን የስልክ ሞተር ወደ 80 ሊስብ ይችላል። ትራንዚስተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዲ3 ተነስተው በ1 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር በኩል ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ ይሂዱ። ኤሚተሩ ግራውንድ ላይ ይረፍ። የሞተሩ አንድ ሽቦ ከ5 ቮልት፣ ሌላው ከኮሌክተሩ ጋር ይገናኝ። ዳዮዱ በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች መካከል ይቀመጣል፤ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ 5 ቮልቱ ይዙር። ዳዮዱን ትተው ቢያልፉ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ በኋላ ትራንዚስተሩ ይሞታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። 2ኤን2222 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትራንዚስተሮች ሁሉ የእግራቸው ቅደም ተከተል አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ አምራች ኤሚተሩን ከኮሌክተሩ ጋር አቀያይሮ ያወጣዋል። ከመበየድዎ በፊት በመልቲሜትር ይለዩት።

ማብሪያዋን በዲ4 እና በግራውንድ መካከል ያስገቧት። ሥራዋ ወደ ታች ይመጣል።

ፕሮግራሙ ምን ማድረግ አለበት?

የሴንሰሩ ኮድ በየቦታው ይገኛል፤ አብዛኛው ግን ጠረጴዛ ላይ ለማሳየት እንጂ ሰው መንገድ ላይ እንዲታመንበት የተጻፈ አይደለም። ኮዱን ራስዎ ቢጽፉም ከሌላ ቢወስዱም የሚከተሉት እንዲሟሉ ያድርጉ።

ልኬቱ የሚጀምረው ለትሪግ የ10 ማይክሮ ሰከንድ ምት በመስጠት ነው። ከዚያ ማሚቶው ይጠበቃል። የአርዱዊኖው መደበኛ ትዕዛዝ ማሚቶ ካልመጣለት እስከ አንድ ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሰው አንድ ሜትር ይራመዳል። የጥበቃውን ገደብ 12 ሚሊ ሰከንድ ያድርጉት፤ ይህ ሁለት ሜትር ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። በሁለት ልኬቶች መካከል 60 ሚሊ ሰከንድ ይቆዩ፤ አለበለዚያ የፊተኛው ማሚቶ ከኋለኛው ጋር ይቀላቀላል።

ገደቡ አልፎ ማሚቶ ካልመጣ ትዕዛዙ የሚመልሰው ዜሮ ነው። ኮዱ ይህን ዜሮ እንደ ርቀት ከወሰደው መሰናክሉ አፍንጫ ላይ ነው ብሎ ባዶ ሜዳ ላይ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ዜሮን «ምንም አልተገኘም» ብሎ እንዲረዳ ይጻፉ። ሦስት ጊዜ አከታትሎ ለክቶ መካከለኛውን ቁጥር እንዲወስድ ማድረግም የሐሰት ማስጠንቀቂያውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን፣ አንድ የተሳሳተ ልኬት አማካዩን ያዛባልና።

ንዝረቱ ሦስት ደረጃ ቢኖረው ይበቃል። ከ150 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ አንድ አጭር ምት፣ ከ100 እስከ 50 በሰከንድ ሦስት ምት፣ ከ50 በታች ያልተቋረጠ። ከዚህ የበዛ ደረጃ ለሠሪው ያስደስት ይሆናል እንጂ እየተራመደ ያለ ሰው አይለየውም። የስልክ ሞተር የተሠራው ለ3 ቮልት ገደማ ስለሆነ ዲ3ን ሙሉ በሙሉ አያብሩት፤ ከ255 ወደ 150 ዝቅ ያድርጉት።

አሁን ማብሪያዋ። ገላጣ መንገድ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ጥሩ ርቀት ነው፤ በዝግታ ለሚራመድ ሰው አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ፋታ ይሰጣል። መርካቶ ወይም የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ግን በዚህ ርቀት ሁልጊዜ ሰው አለ። ሳጥኑ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ ይሰላቻል፣ ቀጥሎ ችላ ይለዋል፣ በመጨረሻ ቤት ጥሎት ይወጣል። ስለዚህ ማብሪያዋ ስትገፋ ርቀቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይጠር። እኔ ከጠቅላላው ሥራ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል እቺን ማብሪያ እመርጣለሁ።

ሌላው፣ መሣሪያው ሲበራ ሁለት ጊዜ አጭር ንዝረት ይስጥ። ሽቦ የተበጠሰበት ሴንሰርና ነፃ መንገድ ለፕሮግራሙ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዝምታ ናቸው። የመነሻው ንዝረት ሞተሩ መሥራቱን ይናገራል። ሴንሰሩን ለማረጋገጥ ደግሞ ተጠቃሚው ከቤት ከመውጣቱ በፊት እጁን ከሳጥኑ ፊት ይዘርጋ፤ ካልተንቀጠቀጠ ይዞት አይውጣ።

ኃይል

ለጀማሪ የምመክረው ፓወር ባንክ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም ባትሪ ደረት ላይ አስሮ መሄድን አልደግፍም፤ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያውቅ የለም። ፓወር ባንክ መከላከያው ውስጡ ነው፤ ስልክም ይሞላል።

ሆኖም አንድ ጣጣ አለው። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳብባቸው ኤሌክትሪክ ትንሽ ከሆነ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኛ ሳጥን ሞተሩ በማይሠራበት ጊዜ የሚስበው ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩን ከመሣሪያው ጋር አገናኝተው፣ ፊቱን ወደ ባዶ አቅጣጫ አዙረው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከጠፋ ሌላ ፓወር ባንክ ይሞክሩ፤ ሌላ ከሌለ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል ባለ 1 ዋት የ47 ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ። ወደ 100 ሚሊ አምፔር ተጨማሪ ስለሚስብ ፓወር ባንኩ ነቅቶ ይቆያል። ሬዚስተሩ ስለሚሞቅ ከፕላስቲኩና ከሽቦዎቹ ራቅ ይበል። ብክነት ነው፤ ግን ባለ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በዚህ ሁኔታም ቀኑን ሙሉ አይከዳም።

ሳጥኑና አቀማመጡ

በሳጥኑ ፊት 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይክፈቱ፤ ከመሐል እስከ መሐል 26 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የሴንሰሩ ዓይኖች ከሳጥኑ ገጽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ወጣ ብለው ይቀመጡ። ወደ ውስጥ ከገቡ ድምፁ የቀዳዳውን ጠርዝ መትቶ ይመለስና ሳጥኑ ራሱን እንደ መሰናክል ይቆጥራል።

ሳጥኑ ከቦርሳ ማንገቻ ጋር ሲታሰር ከመሬት 1.25 ሜትር አካባቢ ያርፋል፤ እንደ ሰውየው ቁመት ይለያያል። ፊቱን 10 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ያድርጉት። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም፦ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን የታችኛው ጫፉ ከማንገቻው 9 ሚሊ ሜትር ራቅ እንዲል ቁራጭ ጎማ ወይም እንጨት ሥሩ ይለጥፉ። በዚህ አቀማመጥ አንድ ሜትር ተኩል ላይ የሚሸፈነው ከፍታ ከ1.30 እስከ 1.70 ሜትር ገደማ ነው፤ ፊትና ደረት ማለት ነው። ወገብ አካባቢ ያለው ጠባብ ነገር፣ ለምሳሌ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከሥሩ ያልፋል። ያንን ለበትሩ ይተዉለት።

ሞተሩን በማንገቻው ውስጠኛ በኩል፣ የትከሻ አጥንት ከሚገኝበት ላይ ይስፉት። አጥንት ላይ ሲያርፍ ንዝረቱ በወፍራም ጃኬት ውስጥም ይሰማል። ማንገቻው ከነጠላና ከጃኬት በላይ መሆን አለበት፤ ነጠላው ተንሸራትቶ የሴንሰሩን ዓይን ከሸፈነ ሳጥኑ ወይ ይንቀጠቀጣል ወይ ዝም ይላል፣ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ለአጠቃቀም እንዲመች ማብሪያዋ በአንድ በኩል በክብ፣ በሌላው በኩል በባለ ጠርዝ ጠብታ ሙጫ ይለይላት፤ የትኛው አጭሩ ርቀት እንደሆነ በጣት ይታወቃል።

ሙከራ

ዓይንዎን በጨርቅ ሸፍነው መሞከር ያጓጓል። ሽቦው መሥራቱን ለማየት ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ግን ፍርድ አይስጡበት። ዓይኑን ለአሥር ደቂቃ የሸፈነ ሰው ይደነግጣል፣ በጆሮው አይጠቀምም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ በበዛ ቁጥር ደስ ይለዋል። ለዓመታት በበትር የተራመደ ሰው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የሚናገር፣ በቀረው ጊዜ አፉን የሚዘጋ መሣሪያ።

ከተጠቃሚው ጋር የመጀመሪያው ሙከራ መኪና በማይገባበት ግቢ ውስጥ ይሁን። ባዶ ካርቶኖችን በገመድ በፊት ከፍታ ያንጠልጥሉ፤ ቢነኩም አይጎዱም። እርስዎ በጎን እየሄዱ ዝም ይበሉ፤ አደጋ ካላዩ በቀር አይምሩ። ንዝረቱ ሲመጣ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ፦ ይቆማል? እጁን ይዘረጋል? ዞር ይላል? ሰውነቱን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ሲያዞር ንዝረቱ የሚጠፋበት አቅጣጫ ነፃ መሆኑን ብዙዎች ሳይነገራቸው ይደርሱበታል። ርቀቱ በዛ ወይም አነሰ፣ ምቱ ፈጠነ ወይም ዘገየ ካለዎት ላፕቶፕዎን እዚያው ከፍተው ቁጥሩን ይቀይሩ። አርዱዊኖ ለዚህ ጥሩ ነው፤ አንድ ቁጥር ለውጦ እንደገና መጫን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ሰፈር መንገድ የሚወጡት ተጠቃሚው ራሱ እንውጣ ሲል ነው።

ምን አያገኝም?

ይህን ክፍል ለተጠቃሚው ሳይሸፍኑ ይንገሩት። ለስላሳ ጨርቅ ድምፅን ይውጣል፤ ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው ከግድግዳ ይልቅ ዘግይቶ ይታወቃል። ልሙጥ ገጽ በሰያፍ ሲገጥም ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንሸራትተዋል፤ በሰያፍ የተከፈተ የመስታወት በር ዋናው ምሳሌ ነው። የልብስ ማስጫ ሽቦና ቀጭን ብረት ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። ከፊት የሚመጣ ባጃጅ ፍጥነቱ ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው፤ እዚያ ላይ የሚታመነው ጆሮ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ሳጥን የያዙ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሊሰማና በሐሰት ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ክረምትም የራሱ ችግር አለው። ኤችሲ-ኤስአር04 ውሃ አይችልም፤ የዓይኖቹ መረብ ላይ ጠብታ ከተቀመጠ ልኬቱ ይበላሻል። ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባል ውሃ የሚቋቋም ወንድም አለው፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች መለካት አይችልም እንጂ ለእኛ ሥራ ይሆናል። በብርሃን የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮችም ይሸጣሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ግን አቅማቸው በጣም ስለሚደክም ለውጭ መንገድ አልመርጣቸውም።

ሁለተኛ ሴንሰር ወደ መሬት አዙረን ጉድጓድ እንዲያገኝ ብናደርግስ? ሐሳቡ ለሁሉም ሠሪ ይመጣል። ሰው ሲራመድ ደረቱ ይነሳል ይወርዳል፤ መሬቱ በሰያፍ ስለሚመታ ማሚቶው ይበታተናል፤ ኮብልስቶንና ጭቃ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ከአሥር ጉድጓድ ዘጠኙን የሚያገኝ መሣሪያ በአሥረኛው ላይ ሰው ይገድላል፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው በዘጠኙ አምኖታል።

ስልኩስ?

ስልክ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሳጥኑ «ፊትህ ነገር አለ» ይላል፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳሉ አይናገርም። በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክን ሲያበሩ ስክሪኑ ይነበባል፤ ነፃው ኢስፒክ ኤንጂ የአማርኛ ጽሑፍም ያነባል፣ ድምፁ የማሽን መሆኑ ጆሮን ለጥቂት ቀን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዴንማርክ የተጀመረው ቢማይአይስ ደግሞ በቪዲዮ ከበጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኛል፤ የበር ላይ ጽሑፍ ለማስነበብ ወይም የመድኃኒት ማሸጊያ ለመለየት ይረዳል። ይህን ሁሉ ግን ቆም ብሎ፣ ጥግ ይዞ መሥራት ነው። አንድ እጅ በትር፣ አንድ እጅ ስልክ ይዞ መራመድ ለመሰናክልም ለሌባም ያጋልጣል። የጆሮ ማዳመጫ ካስፈለገ በአንድ ጆሮ ብቻ።

ርክክብ

ሳጥኑን አስረክቦ መሄድ በቂ አይደለም። የአጠቃቀሙን ማስታወሻ በወረቀት አይስጡ፤ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገው ይላኩለት፣ ሲፈልግ ደጋግሞ ይሰማዋል። በውስጡ ሦስቱ የንዝረት ደረጃዎች ምን ማለት እንደሆኑ፣ ማብሪያዋ ወዴት ስትሆን የትኛው ርቀት እንደሆነ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት እጅ ዘርግቶ መፈተሹ፣ እና መሣሪያው የማያገኛቸው ነገሮች ዝርዝር ይኑር። የኮዱን ፋይልና የሽቦውን ሥዕል በዚያው ቴሌግራም ያያይዙለት፤ እርስዎ ከከተማ ቢወጡ ማንኛውም ሞባይል ጠጋኝ አይቶ እንዲያስተካክለው። ለሞተሩ መለዋወጫ አንድ ተጨማሪ ከሳጥኑ ጋር ይስጡ፤ ቶሎ የሚደክመው እሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውለው ጥሩ ነው ወይ ብለው አይጠይቁት፤ ለጨዋነት ሲል ጥሩ ነው ይልዎታል። ትናንት ይዞት ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካልያዘውም ለምን ቤት እንደተወው።